ሁለት ዩኒት ደም ለማን? በታቀደ የአንጀት ላፓሮስኮፒ የደም ዝግጅት

(ለቀዶ ሕክምና፣ ለማደንዘዣ፣ ለነርሲንግና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች በአንድ የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ እንደተነገረ የተጻፈ)

እንደምን አደራችሁ። ከቀዶ ሕክምና፣ ከማደንዘዣ፣ ከነርሲንግ፣ ከላቦራቶሪና ከደም ባንክ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አንዳንዶቻችሁም ከተረኛነት በቀጥታ እንደመጣችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ስለዚህ አላንዛዛም።

በጥያቄ ልጀምር። ለነገ ጠዋት የታቀደ የአንጀት ላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና፣ አለ እንበል። ሬዚደንቱ (በስልጠና ላይ ያለው ሐኪም) ማምሻውን ኦርደር ሲጽፍ ምን ይላል? “ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ምግብ አይውሰድ፤ ስምምነት ይፈረም፤ ሁለት ዩኒት ደም ይዘጋጅ።” ሁለት ዩኒት፣ ሁለት ከረጢት ማለት ነው! ለምን ሁለት? የታካሚው ሂሞግሎቢን (በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ክፍል መጠን) 14 ቢሆንም ሁለት፣ 9 ቢሆንም ሁለት። የሚወጣው የቀኙ ኮሎን (ትልቁ አንጀት) ቢሆንም ሁለት፣ ሬክተም (የአንጀቱ መጨረሻ) ቢሆንም ሁለት። ስሌት የለበትም፤ ከበፊቱ ሲጻፍ ስላየነው እንጽፈዋለን።

ልማዱ ሆድ ከላይ እስከ ታች ተከፍቶ ከሚሠራበት ጊዜ የተረፈ ነው፤ ያኔ ምክንያት ነበረው። በካሜራ እየታየ፣ እያንዳንዱ የደም ሥር ከመቆረጡ በፊት ተለይቶ በክሊፕ ወይም በኢነርጂ መሣሪያ እየተዘጋ በሚሠራ የታቀደ የኮሎን ቀዶ ሕክምና ግን የሚፈሰው ደም አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ሚሊ ሊትር አይዘልም። አንድ ለጋሽ በአንድ ጊዜ ከሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ግማሹን እንኳ አይሞላም።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ሂሞግሎቢኑ ደህና ለሆነ፣ የተለየ አደጋ ለሌለበት ታካሚ በስሙ ከረጢት አይያዝ። የደም ዓይነቱ ይታወቅ፣ የሌላ ሰውን ደም የሚያጠቃ አንቲቦዲ እንዳለውና እንደሌለው ይታወቅ፣ ደሙ ደግሞ በጋራ ክምችት ውስጥ ይቀመጥ። በስሙ የሚያዝለት ሰው የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ሦስት ነገር አነሳለሁ፤ ደም ተይዞ ሲቀመጥ የሚሆነውን፣ ከዚያ የላቦራቶሪውን ሥራ፣ በመጨረሻም ከሁሉ በላይ የምንዘነጋውን የሂሞግሎቢን ጉዳይ። ስለ ደም መፍሰስም ጥቂት እላለሁ።

መጀመሪያ፣ የተያዘ ደም ምን ይሆናል?

አንድ ከረጢት እንከተል። አንድ ተማሪ ደም ሰጠ። ደሙ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ተመረመረ። ሲፒዲኤ ዋን በተባለው መጠበቂያ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ቢበዛ 35 ቀን ይቆያል። በ20ኛው ቀን ለሰኞ ቀዶ ሕክምና ክሮስማች ተደርጎ፣ ማለትም ከታካሚው ደም ጋር መግጠሙ ተፈትሾ፣ የአንድ ሰው ስም ተለጠፈበት። ሰኞ የኦፕሬሽን ክፍሉ በድንገተኛ ታካሚ ተያዘ፤ ወደ ረቡዕ ተዛወረ። ረቡዕ ሥራው በሰላም አለቀ፤ ደሙ አልተነካም። “ለማንኛውም ይቆይ” ተባለ። አርብ ስሙ ሲነሳለት 24ኛው ቀኑ ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ አንዲት እናት ከወሊድ በኋላ ደም ፈሷት ያንኑ ዓይነት ደም ብትፈልግ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ እያለ “የለም” ትባላለች። ደሙ አለ፤ ግን የሰው ነው። ከዚህ የከፋም አለ፦ ከረጢቱ “በቅርብ ይሁን” ተብሎ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ሄዶ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ከቆየ፣ ተመልሶ ክምችት ውስጥ አይገባም። ከ30 ደቂቃ በላይ ከማቀዝቀዣ ውጭ የቆየ ደም ለሌላ ሰው አይመለስም፤ ይጣላል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖቹ ከሃምሳ ዓመት በፊት ገጥሟቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ለእያንዳንዱ የቀዶ ሕክምና ዓይነት የሚታዘዘውን የደም ጣሪያ የሚወስን ሰንጠረዥ አወጡ። በዓመቱ ቦራልና ሄንሪ የደም ዓይነትና የአንቲቦዲ ምርመራ ብቻ ተሠርቶ ከረጢት ሳይያዝ መግባት እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ መለኪያው ቀላል ነው። በክሮስማች የተያዘውን ዩኒት ብዛት በእርግጥ ለተሰጠው ዩኒት ብዛት አካፍሉ። ከ2 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ2.5 ካለፈ እየተባከነ ነው። ሁለተኛ፣ ክሮስማች ከተሠራላቸው ታካሚዎች ስንቱ ደም ወሰዱ? ከ100ው 30 ካልሞሉ ለዚያ ቀዶ ሕክምና ከረጢት መያዝ አያስፈልግም። የላቦራቶሪ መዝገባችሁን የስድስት ወር አውጥታችሁ በቀዶ ሕክምና ዓይነት ለዩት፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሌላ አገር ሰንጠረዥ ገልብጣችሁ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። የእናንተ ቁጥር ነው የሚፈርደው።

እዚህ ላይ ስለ ቤተሰብ አንድ ነገር። “ሁለት ዩኒት ደም ያስፈልጋል” ሲባል ዘመድ ይደነግጣል፤ ልጆች ከክፍለ ሀገር ይጠራሉ፤ “የእኔን ይውሰዱ” ይባላል። የቅርብ ዘመድ ደም ይሻላል የሚለው እምነት ስሕተት ነው። የልጅ ወይም የወንድም ትኩስ ደም ጨረር ካልተደረገበት፣ በውስጡ ያሉት የለጋሹ ነጭ የደም ሴሎች የተቀባዩን አካል ሊያጠቁ ይችላሉ፤ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው፣ ሲመጣ ግን ገዳይ ነው። ዘመድ ደም ቢሰጥ መልካም፤ ለሀገር ክምችት ይስጥ። በጾምና ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት ለጋሽ ሲቀንስ ደግሞ ሳያስፈልግ የተያዘ እያንዳንዱ ከረጢት የበለጠ ያስቆጫል።

ወደ ላቦራቶሪው ልግባ። የደም ዓይነትና የአንቲቦዲ ምርመራ ሲባል ሦስት ነገር ነው፤ ኤቢኦ (ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ መሆኑ)፣ አርኤች ዲ (ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑ)፣ ከዚያም የታካሚው ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ዓይነታቸው በሚታወቅ ስክሪኒንግ ቀይ ሴሎች፣ አንቲቦዲን በሚያሳየው የኩምብስ ዘዴ መፈተሽ። ይህ ሁሉ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ውጤቱ ከአንቲቦዲ ነጻ ከሆነ፣ በኋላ ደም ቢፈለግ አጭር ክሮስማች በ5 እና በ10 ደቂቃ መካከል ያልቃል። ሳይመረመር ገብቶ ደም ቢፈስ ግን ወይ ኦ ደም ይሰጣል፣ ወይ ሙሉውን 45 ደቂቃ ይጠበቃል። እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው አስቀድሞ ያለቀ ስለሆነ ነው ከረጢቱን መልቀቅ የምንችለው። ምርመራውም ከረጢቱም ከሌለ ድፍረት እንጂ ቁጠባ አይባልም።

ስክሪኒንግ ሴል የሌለበት ላቦራቶሪስ? ይህ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። በክፍል ሙቀት በሳላይን (በጨው ውሃ) ብቻ የሚሠራ ክሮስማች የኤቢኦ አለመግጠምን ያሳያል፤ ከቀድሞ እርግዝና ወይም ከቀድሞ ደም የመጣን አይጂጂ አንቲቦዲ አያሳይም። ስለዚህ ታካሚውን ጠይቁ፦ ደም ወስደው ያውቃሉ? ስንት ጊዜ አረገዙ? አምስት የወለዱ እናት ምንም ደም ወስደው ባያውቁም አንቲቦዲ ሊኖራቸው ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው በኩምብስ የተሠራ ክሮስማች ያለው ሁለት ዩኒት ይያዝ። ይሄ በስሌት የታዘዘ ሁለት ነው፤ አልቃወምም።

ናሙናው ጊዜ አለው። ባለፉት ሦስት ወራት ያረገዘች ወይም ደም የወሰደ ሰው ናሙና ከ72 ሰዓት በላይ አያገለግልም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦ በተመላላሽ ክሊኒክ ቀጠሮው ሲያዝ አንድ ናሙና፣ ሲተኛ ሁለተኛ ናሙና። የመጀመሪያው አንቲቦዲ ካለ ለመዘጋጀት ሳምንታት ይሰጣችኋል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያረጋግጣል። በሁለቱ መካከል የደም ዓይነቱ ከተለያየ አንደኛው ቲዩብ የሌላ ሰው ነው።

የሌላ ሰው ቲዩብ እንዴት ይመጣል? በቀላሉ! ነርሷ ለሦስት ታካሚዎች ቲዩቦቹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀድማ ጻፈችባቸው፤ ከዚያ ዋርድ ገባች፤ አልጋ 7 እና አልጋ 9 ቦታ ተለዋውጠዋል። ሐምራዊ ክዳን ያለውን ኢዲቲኤ ቲዩብ ባዶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ደሙን ቅዱ፤ ከአልጋው ሳትርቁ እዚያው ጻፉ። “አቶ ከበደ ነዎት?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሕመምተኛ ሁሉን “አዎ” ይላል። “ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ” በሉ። በእኛ አገር አንድ ዋርድ ውስጥ ሁለት ከበደ ተሰማ መገኘት ብርቅ አይደለም፤ የአያት ስምና የካርድ ቁጥር የሌለበትን ቲዩብ ላቦራቶሪው ይመልስ። እዚህ ላይ ላቦራቶሪው ግትር ይሁን። እባካችሁ፣ ይህን ግትርነት አትቆጡት።

ስለ አያያዝ በአጭሩ፦ ከረጢቱ በረዶ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። በፈላ ውሃ አይሞቅም። በዚያው መስመር ሪንገር ላክቴት አይገባም፣ ካልሲየሙ ደሙን ያረጋዋል፤ ኖርማል ሳላይን ብቻ። የተጀመረ ከረጢት በ4 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ታካሚው በማደንዘዣ ላይ እያለ የማይገጥም ደም ቢገባበት “ወገቤን አመመኝ” አይላችሁም፤ የምታዩት የግፊት መውረድ፣ ጥቁር ቀይ ሽንትና ከየቦታው የሚንጠባጠብ ደም ነው። ያኔ ደሙን አቁሙ፣ መስመሩን ቀይሩ፣ ከረጢቱን ከነቱቦው ወደ ላቦራቶሪ መልሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ለታካሚው የሚበጀው የደም ዝግጅት ደም ባንክ ውስጥ አይጀመርም፤ ከቀዶ ሕክምናው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት በፊት በተመላላሽ ክሊኒክ ይጀመራል። በአሃዝ ላሳያችሁ። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት በኪሎ 65 ሚሊ ሊትር ብናስብ 3,250 ሚሊ ሊትር ደም አላት። ሂሞግሎቢኗ 13 ቢሆንና እስከ 7 ብንታገስ፣ 3,250ን በ6 አባዝታችሁ ለ13 ስታካፍሉ 1,500 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ይህን ያህል ፈሶም፣ መጠኑ በፈሳሽ እየተተካ፣ ደም ሳትወስድ ልትወጣ ትችላለች። ያቺው ሴት በ9 ከገባች? 3,250 ሲባዛ በ2 ሲካፈል ለ9፤ 720 ገደማ። መጠባበቂያዋ ከግማሽ በታች ወረደ። ቀዶ ሐኪሙ ያው፣ እጁ ያው፣ መሣሪያው ያው። ታዲያ በማቀዝቀዣ ያለው ከረጢት ነው ወይስ በደም ሥሯ ያለው ነው መጠባበቂያዋ?

በቀኙ ኮሎን ላይ ያለ ዕጢ ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ይደማል፤ ታካሚው ደም አያይም፣ የሚያየው ድካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ለወንድ 13፣ ላላረገዘች ሴት 12 ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ግን ለሁለቱም 13 ይሁን የሚለው ሐሳብ ይበልጥ ያሳምነኛል፣ ሴቷ ያላት የደም መጠን ያነሰ ሆኖ የሚፈሳት ግን እኩል ስለሆነ። “እኛ ደገኞች ነን፣ ቁጥሩ ይለያል” የሚል ክርክር ይነሳል። ቢል እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሂሞግሎቢን ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ነበር፤ በዚያ ከፍታ እንደ አንዲስ ነዋሪዎች ከፍ ብሎ አልተገኘም። ቁም ነገሩ፣ በደጋ የሚኖር ወንድ 12.5 ይዞ ሲመጣ በየትኛውም ስሌት ደም አንሶታል።

የደም ማነሱ ምክንያት ይታወቅ። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ከ30 በታች ከሆነ ብረት አልቋል። ካንሰር ወይም እብጠት ያለበት ሰው ፌሪቲኑ እስከ 100 ቢደርስም የትራንስፌሪን (በደም ውስጥ ብረት የሚያጓጉዘው ፕሮቲን) ሙሌቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ብረቱ አይበቃም። ከቆላ ለመጣ ታካሚ የመንጠቆ ትል አለመኖሩን በሰገራ ምርመራ እዩ፤ ትሉን ሳታወጡ ብረት ብትሰጡ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መሙላት ነው።

ጊዜ ካለ የሚዋጥ ብረት ይበቃል። 325 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት ውስጥ 65 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረት አለ። አንድ ፍሬ፣ በየሁለት ቀኑ። በቀን ሦስቴ ማዘዝ ሆድ ከማድረቅና ከማቅለሽለሽ በቀር አይጨምርም፤ አንዱ ፍሬ ከተዋጠ በኋላ የብረት መመጠጥን የሚቆጣጠረው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ከፍ ብሎ ቀጣዩን ያግደዋልና። ከቡና ጋር አይዋጥም፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይለያይ። ይህን በግልጽ ካልነገራችኋቸው ከጠዋቱ ቡና ጋር ነው የሚውጡት። “ጤፍ እበላለሁ፣ ብረት አለው” ለሚላችሁም፣ በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው ከአውድማ አፈር የመጣ እንደሆነና ሰውነት በደንብ እንደማይወስደው አስረዱ። በትክክል ከተወሰደ በሦስት አራት ሳምንት ሂሞግሎቢን በ2 ይጨምራል። ካልጨመረ ወይ አልተዋጠም፣ ወይ አልተመጠጠም፣ ወይ እየደማ ነው።

ጊዜ ከሌለስ? በአገራችን በብዛት የምናየውን የሲግሞይድ (የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል) መጠምዘዝ ውሰዱ። ታካሚው በድንገተኛ ይመጣል፣ በቱቦ ይፈታለታል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው መተኛት በታቀደ ሁኔታ አንጀቱ ይቆረጣል። እዚህ ለኪኒን ጊዜ የለም። የሚጎድለውን ብረት አስሉ፦ ክብደት ሲባዛ በጎደለው ሂሞግሎቢን፣ ሲባዛ በ2.4፣ ሲደመር 500። 55 ኪሎ፣ ከ9 ወደ 13፦ 528 ሲደመር 500፣ 1,028 ሚሊ ግራም። በአይረን ሱክሮዝ 200 ሚሊ ግራም ቢሰጥ አምስት ጊዜ ገደማ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ሳላይን፣ ቢያንስ በ15 ደቂቃ።

እውነቱን ግን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሪቬንት የተባለው የብሪታንያ ጥናት ከትልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምና በፊት በደም ሥር ብረት መስጠት ደም የመውሰድን መጠን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። እኔ ከዚህ የምወስደው ብረት ከንቱ ነው የሚለውን ሳይሆን፣ ብረት እጥረቱ ላልተረጋገጠበት ሁሉ አይታደልም የሚለውን ነው። ወዲያው ውጤት አትጠብቁ፤ ለማገገሚያው ሳምንታት ግን ይጠቅመዋል።

መድኃኒትም አለ። ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ዋርፋሪን ከ5 ቀን በፊት ይቁም፤ የደም መርጋት መለኪያው አይኤንአር ከ1.5 በታች ይሁን። ፕሌትሌትን የሚያግደው ክሎፒዶግሬል ከ5 እስከ 7 ቀን፤ የልብ ስቴንት ያለው ከሆነ ከልብ ሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አታቁሙ። “መድኃኒት ይወስዳሉ?” ሲባል “አልወስድም” የሚል ሰው ለጉልበቱ ከፋርማሲ የገዛውን ዳይክሎፌናክ መድኃኒት ብሎ አይቆጥረውም፤ ስም እየጠራችሁ ጠይቁ። የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ ርካሽ ነው፤ በ2022 የወጣው ፖይዝ 3 ጥናት በመጀመሪያ 1 ግራም፣ በመጨረሻ 1 ግራም መስጠት ደም መፍሰስን እንደሚቀንስ ከ9,500 በላይ ሰዎች ላይ አሳይቷል። የደም መርጋት ታሪክ ላለው ግን ቆም ብላችሁ አስቡ።

ደም ከየት ይፈሳል? ትሮካር (የመሣሪያ መግቢያው ቱቦ) ሲገባ ከሆድ ግድግዳው ኤፒጋስትሪክ የደም ሥር፣ ከዚያ የከፋው ከትልልቆቹ የደም ሥሮች ከአዮርታና ከኢሊያክ፤ ስፕሌኒክ ጥግ (ኮሎኑ ጣፊያ አጠገብ የሚታጠፍበት) ሲፈታ ከጣፊያ ልባስ፤ በቀኝ በኩል የሄንሌ ግንድ ከተባለው ደም መላሽ፤ በሬክተም ሥራ ከሳክረም (ከወገብ በታች ካለው አጥንት) ፊት ካሉ ደም መላሾች። በላፓሮስኮፒ የተለየው ነገር ሆዱን ለመንፋት የሚገባው ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ያለው ጋዝ ደም መላሾችን ተጭኖ ደሙን መደበቁ ነው። ስለዚህ ከመዝጋታችሁ በፊት ግፊቱን ወደ 8 አውርዳችሁ ሁለት ደቂቃ ተመልከቱ። የሳክሽን (የመምጠጫው) ጠርሙሱ 900 ሲል ደግሞ ከመደንገጣችሁ በፊት ስንት ሳላይን እንዳፈሰሳችሁ ነርሷን ጠይቁ። ስክሪኑ ድንገት ከጨለመ ግን ካሜራው ላይ አታላክኩ፤ ደም ብርሃን ይውጣል። መጀመሪያ በጎዝ ጨርቅ ተጫኑ፣ ከዚያ ሰው ጥሩ። ለላቦራቶሪው የሚደውለውና የሚሮጠው ማን እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር በስም ይወሰን።

እንግዲህ በስሙ ሁለት ዩኒት የሚያዝለት ማን ነው? አንቲቦዲ የተገኘበት፤ ሂሞግሎቢኑ ከ10 በታች ሆኖ መዘግየት የማይችል፤ ከጨረር በኋላ ዝቅተኛ የሬክተም ዕጢ የሚወጣለት፤ ሆዱ ከዚህ በፊት ተደጋግሞ የተከፈተ፤ ዕጢው ወደ ጎረቤት አካል የገባ፤ ጉበቱ የታመመ ወይም ፕሌትሌቱ የወረደ። አንድ ሌላም አለ፤ የራሱ የደም ማቀዝቀዣ በሌለው፣ ደም ከክልሉ ባንክ በሰዓታት መንገድ በሚመጣበት ሆስፒታል የሚታከም ሁሉ። ለዚያ ሆስፒታል መፍትሔው ግን ዘላለም በስም መያዝ አይደለም፤ አራት ከረጢት ኦ ደም በቋሚነት በቴርሞሜትር በሚጠበቅ ማቀዝቀዣ ማኖርና ቀኑ ሳያልፍ ከባንኩ ጋር መቀያየር ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላም፣ ሰውየው የተረጋጋ ከሆነና የልብ ሕመም ከሌለው ከ7 በላይ ደም አይሰጥ፤ የልብ ሕመም ላለው 8። አንድ ዩኒት ስጡ፣ ሂሞግሎቢኑን ለኩ፣ ከዚያ ስለ ሁለተኛው አስቡ። አንዱ በአዋቂ ላይ 1 ግራም ያህል ያነሳል። የተያዘው ደግሞ በማግስቱ የጠዋት ዙር ላይ ታካሚው ከተረጋጋ ያኔውኑ ይለቀቅ፤ ቅጹን ዋርዱን የሚዞረው ሬዚደንት ይፈርም፣ ላቦራቶሪው እስከ እኩለ ቀን ካልተፈረመለት ደውሎ ይጠይቅ።

በሉ፣ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።